ቀጤ ከችሎት ውጪ ያቃናው ሳምንት

በሰፈራችን ዋና መንገድ ላይ፣ በመድኃኒት ቤቱና በጫማ ጠጋኙ መካከል፣ የመስታወት በሯ ዘወትር በእንፋሎት የደበዘዘ አንዲት ላውንደሪ አለች። የባለቤቷን የመታወቂያ ስም የሚያውቅ ደንበኛ ቢኖር ጥቂት ነው፤ ሰው ሁሉ «ቀጤ» ይለዋል። ስሙ እርሱ ከሚተኩሳቸው ሱሪዎች መስመር የመጣ የሚመስላቸው አሉ። ስሙን ያወጣችለት አክስቱ ግን፣ ከሱቁ ጓዳ ተቀምጣ ቁልፍ እየተከለች፣ ነገሩን እንዲህ ታስረዳለች፤ «ሱሪውማ በካውያ ነው የቀናው። እሱ ግን ሲወለድም እንዲሁ ነበር፤ አንገቱን ለማዞር እንኳ ፈቃድ ይጠይቃል።»

አክስቲቱ ትክክል ናት። ቀጤ ማንኛውንም ልብስ ከመንካቱ በፊት ኮሌታውን ገልብጦ እዚያ የተሰፋውን የጥንቃቄ ምልክት ያነብባል፤ ያነበበውንም አይተላለፍም። አንድ ቁጡ ደንበኛ «ኮቱ የራሴ ነው፤ በሙቅ ውኃ እጠብልኝ» ቢለው፣ «ኮቱ የእርስዎ ነው፤ ምልክቱ ግን የኮቱ ነው» ብሎ ሳይነካው መለሰለት። ምልክት የሌለው ጨርቅ ሲመጣ ደግሞ ማጽጃውን ቸኩሎ አያፈስበትም። ከገበሩ በኩል፣ ዓይን ከማያየው ስፌት ላይ አንዲት ጠብታ ጣል አድርጎ ይጠብቃል። ቀለሙ ካልሸሸ ይቀጥላል፤ ከሸሸ ደንበኛውን ጠርቶ እውነቱን ይነግረዋል። በዚህ ምክንያት ሥራው አዝጋሚ ነው፤ ሆኖም ልብስ አበላሸ ተብሎ ሲታማ ተሰምቶ አያውቅም።

ይህ ጠባይ ለጨርቅ የሚበጀውን ያህል ለትዳር አልበጀውም። የቀድሞ ሚስቱ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናት፤ ፈጣን፣ ተጫዋች፣ ቁጣዋም ሳቋም ቅርብ የሆነ ሴት። ሲለያዩ ጉዳያቸው በችሎት ታየ። አንዱ በሌላው ላይ የተናገረው ሐሰት ቢሆን ኖሮ ቁስሉ በቶሎ በሻረ ነበር፤ የተነጋገሩት ግን እውነት ነበር። የጓዳቸው ገመና በማያውቋቸው ሰዎች ፊት ሲዘረገፍ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። በመጨረሻም አንዲት ልጃቸው የትምህርቱን ቀናት ከእናቷ ጋር፣ ከዓርብ ምሽት እስከ እሑድ ምሽት ደግሞ ከአባቷ ጋር እንድትሆን ተወሰነ። ቀጤ የትእዛዙን ግልባጭ አጥፎ ከመተኮሻው ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ አኖረው፤ እንደ ኮሌታ ምልክትም አከበረው። ዓርብ ከደጇ ይቆማል፤ እሑድ ይመልሳል። ከቀድሞ ሚስቱ ጋር የሚለዋወጡት ቃል «ደህና ናት?» እና «ደህና ናት» ብቻ ነበር።

ልጅቱ «ድንቡሼ» ትባላለች። ስሙ የወጣላት ጉንጯ በሚቆነጠጥበት በጨቅላነቷ ነው፤ አሁን እንደ ልብስ መስቀያ የቀጠነች፣ ምላሷ ግን እንደ ጥንቱ የሞላ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ናት። የትምህርት ቤቷ የኋላ አጥር ከላውንደሪዋ ጓሮ ጋር ይዋሰናል፤ በአጥሩም ላይ ትንሽ በር አለች። ቀጤ ከሱቁ በላይ ባሉት ሁለት ክፍሎች ስለሚኖር፣ በዕረፍት ሰዓት የልጆቹን ጫጫታ ይሰማል፤ የእርሷን ድምፅ ከጫጫታው መሐል ለይቶ አውቃለሁ ብሎም ያምናል።

ችግሩ የመጣው የአውቶቡስ ድርጅቱ የእናቲቱን ፈረቃ ወደ ማለዳ ባዛወረ ጊዜ ነው። ከዴፖው የሚወጣው የመጀመሪያው አውቶቡስ የእርሷ ሆነ። ጎህ ሳይቀድ ልጅቱን ቀስቅሳ፣ እንቅልፍ የተጫነውን ጭንቅላቷን በትከሻዋ ደግፋ ወደ ዴፖው ትወስዳታለች። ድንቡሼ በስምሪት ክፍሉ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ የእናቷን የደንብ ልብስ ጃኬት ተከናንባ ታንቀላፋለች። ፀሐይ ሞቅ ሲል እናቷ ከዙር መልስ ጭና ትምህርት ቤቷ ደጃፍ ታወርዳታለች። መምህሯ ልጅቱ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ እንደምታንኮራፋ ለእናቷ ነገረቻት።

ሾፌሯ ስልክ አንሥታ ለቀጤ ደወለች። ከፍቺው ወዲህ ስትደውል የመጀመሪያዋ ነበር።

«ፈረቃዬ ተቀይሮ ልጄ ፍዳዋን እያየች ነው። የሥራ ቀን የሥራ ቀን አንተ ጋ ብታድርልኝስ?»

ቀጤ ካውያውን አኖረ። «ትእዛዙ የሚለው ዓርብ ነው» አላት።

«እ?»

«ከዓርብ እስከ እሑድ ነው የሚለው።»

ስልኩ ጆሮው ላይ ተዘጋ። እርሷ የሰማችው እምቢታ ነው። በእርሱ ልብ ውስጥ የነበረው ግን ፍርሃት ነበር፤ ያልታዘዘለትን አንዲት ቀን ቢወስድ የታዘዙለትን ሁሉ የሚነጠቅ መሰለው። ዳኛ የቆረጠውን ሳምንት ሰው በገዛ እጁ ቢነካው ጥፋት ነው ብሎ ከልቡ ያምን ነበር።

በዚያው ዓርብ ምሽት ድንቡሼ ማንኪያዋን እንደ ያዘች ገበታ ላይ አንቀላፋች። ቀጤ ማንኪያውን ከጣቶቿ መሐል ቀስ ብሎ አወጣ፤ አንጀቱን በላችው። አቅፎ ወደ አልጋዋ ሲያወጣት አክስቱ ከታች ሆና አላስቀመጠችውም።

«አንተ ልጅ፣ ዳኛው አልጋህ ሥር ነው እንዴ የሚያድረው? እናትየዋ በአፏ ‹ውሰድልኝ› እያለችህ!»

«ሕግ ነው፣ አክስቴ።»

«ሕጉማ ልጅቱ እንድትተኛ ይከለክላል?»

መልስ ይዛ የመጣችው በሳምንቱ መግቢያ ላይ አንዲት የቆየች ደንበኛው፣ ጠበቃ የሆነች ሴት ናት። የችሎት ካባዋ እጅጌ ላይ ቀለም ፈስሶበት ነበር። ቀጤ ካባውን ገልብጦ ምልክቱን ከመረመረ በኋላ፣ ዓይኑን ከጨርቁ ሳያነሣ ጠየቃት።

«ዳኛ ያዘዘውን ነገር ሰው ቢያስተካክለው ወንጀል ነው?»

«ማንን ልትገድል ነው፣ ቀጤ?»

«ልጄን ማክሰኞ ልወስዳት ነው።»

ጠበቃዋ መሳቅ ጀምራ ፊቱን ስታይ ተወችው። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ስማኝ። ትእዛዙ የተሰጠው ሁለታችሁ መስማማት ስላቃታችሁ ነው። ከተስማማችሁ ማን ይከሳችኋል? ቀኑን በቀን ብትለዋውጡ በር ሰብሮ የሚገባ የለም። ነገር ግን የቃል ስምምነት ሰው ሲጣላ ይተናል፤ ያን ጊዜ የሚጸናው የድሮው ትእዛዝ ነው። ስለዚህ ጻፉት። ማን መቼ እንደሚይዛት፣ ስትታመም ማን እንደሚወስን፣ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ምን እንደምታደርጉ ይስፈር። ሁለታችሁም ከፈረማችሁ በኋላ በመዝገብ ቤቱ በኩል ይገባና ዳኛው እንዲያጸድቀው ይጠየቃል። በስምምነት ስለሆነ ችሎት ቆሞ መከራከር የለም።»

«ምስክርም የለም?»

«ምስክርም የለም።»

ቀጤ ብሩሹን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ትከሻው ዝቅ ሲል ታየ።

«ከሁሉ በፊት ግን እሷን ማናገር አለብህ» አለችው ጠበቃዋ።

«እሱ ነው የከበደው» አለ ቀጤ።

ቢከብደውም እሑድ ምሽት ልጅቱን ሲመልስ ከተለመደው ቃል ላይ ጨመረ፤ ሾፌሯን በዕረፍት ቀኗ ሱቅ ብቅ እንድትል ለመናት። እርሷም መጣች። ቀጤ ራሱን እስኪያመው ድረስ አስቦ ያዘጋጀውን ረቂቅ ሰጣት። የሚጽፍበት ሌላ ወረቀት ስላልነበረው ከደንበኞች ደረሰኝ ጥራዝ ቀድዶ ነበር የጻፈው፤ አጻጻፉም ዕድሜ ልኩን ካወቀው አልወጣም፤ «አስረካቢ፦ እናት። ተረካቢ፦ አባት። የመረከቢያ ጊዜ፦ እሑድ ምሽት። የመመለሻ ጊዜ፦ ዓርብ ምሽት። ልዩ ጥንቃቄ፦ ጉሮሮዋ ለብርድ ስስ ነው። ወተት አትወድም። ስትቆጣ ዝም ይሏታል፤ ራሷ ትመለሳለች።»

ሾፌሯ ቆማ አነበበች። ልዩ ጥንቃቄው ላይ ስትደርስ ከንፈሯ ላላ፤ ወንበሩንም በእግሯ ሳብ አደረገች። ልትቀመጥ ጎንበስ ባለችበት ቅጽበት ግን ዓይኗ ከደረሰኙ ግርጌ ላይ ወደቀ። ጮክ ብላ አነበበችው፤

«‹በጊዜው ላልተወሰደ ዕቃ ድርጅቱ ኃላፊነት አይወስድም።› ይሄ ምንድን ነው?»

ቀጤ አንገቱን አስግጎ የወረቀቱን ግርጌ አየ። «እሱ... እሱ የታተመ ነው።»

«የታተመ! መኪና ተበላሽቶብኝ አንድ ዓርብ ባረፍድ ልጄን ልታስቀርብኝ ነው? ወይስ ለመጣው ሁሉ ልትሸጣት?»

«አንቺ ልጅ» አለች አክስቱ ከጓዳ መርፌዋን አንሥታ፣ «እሱ መቼ ደረሰኝ አንብቦ ያውቃል? የሚያነበው ኮሌታ ነው!»

«እኔ የወለድኩት ኮት አይደለም!» ብላ ሾፌሯ ወረቀቱን ጥላ ወጣች። በሩ ሲላተም በመደዳ የተሰቀሉት ልብሶች ሁሉ ተወዛወዙ።

ቀጤ የዚያን ዕለት ከሰዓት አንድም ልብስ አልተኮሰም። ሌላ ሰው ቢሆን ደውሎ ይቅርታ በጠየቀ ነበር፤ እርሱ ግን በስልክ የተናገራት አንዲት ዐረፍተ ነገር ምን እንዳመጣች ስላየ ስልክ አላመነም። በማግሥቱ፣ በሥራ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ሱቁን ዘጋ። አክስቱ «ማን ሞተ?» ብላ ተነሣች።

ወደ ፌርማታው ሄዶ የእርሷን አውቶቡስ ጠበቀ፤ ትኬቱን ቆርጦ ከሾፌሩ ጀርባ ካለው የመጀመሪያ ወንበር ተቀመጠ። ሾፌሯ በመስታወቱ አየችው፤ ማርሹን ከወትሮው አጥብቃ ገፋች። ከበላይዋ «በጉዞ ላይ ሾፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ቀጤ አነበበው፤ ከዚያም አፉን ዘጋ። ከአጠገቡ የተቀመጡ አዛውንት «የት ነው የምትወርደው፣ ልጄ?» ቢሉት «ከሾፌሯ ጋር ጉዳይ አለኝ» አላቸው። አዛውንቱ ጽሑፉን አዩ፣ እርሱን አዩ፣ ራሳቸውን ነቅንቀው በቀጣዩ ፌርማታ ወረዱ።

የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ተራገፈ። ቀጤ አልተንቀሳቀሰም፤ አልተናገረምም። ሞተሩ እየሠራ ነበር። ሾፌሯ በመስታወቱ ታየዋለች፤ እርሱም ጉልበቱ ላይ እጁን አጣጥፎ ያያታል። በመጨረሻ ትዕግሥቷ አለቀና ቁልፉን አዞረች። አውቶቡሱ ተንቀጥቅጦ ጸጥ አለ።

«እህሳ! ምን ፈልገህ ነው?»

«ሞተሩ እስኪጠፋ ነበር የጠበቅኩት» አላት፤ በጣቱም ጽሑፉን አመለከታት።

ሾፌሯ ተቆጥታ ለመቆየት ጣረች። ፊቷን ወደ መሪው መለሰች፤ ትከሻዋ ግን አሳበቀባት፤ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሳቋ አመለጣት።

«አንተ ሰውዬ፣ በቁሜ ልትገድለኝ ነው የመጣኸው!»

«ደረሰኙን አላየሁትም» አለ ቀጤ። «እምልልሻለሁ። የምጽፍበት አጥቼ ነው።»

«እሱንማ ደጅ ሳልደርስ ነው የገባኝ።» ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ። «የተቆጣሁት በደረሰኙ አይደለም። ልጇን ለአባቷ ጥላ መሪ ጨበጠች ይሉኛል። የገዛ እናቴ ቀድማ ትለኛለች። አንተስ? ነገ ተጣልተን ‹ልጅቷን በፈቃዷ ትታታለች› ብለህ ችሎት ብታቆመኝ ምን ይዤ እከራከራለሁ?»

ጥያቄው ሲገባው የቀጤ ፊት ተለወጠ፤ እርሱ በእርሷ ላይ የፈራውን እርሷም በእርሱ ላይ ስትፈራ ኖራለች።

«የሚሉሽ ሰዎች ጎህ ሲቀድ አይነሡም» አላት። «‹ትታታለች› የሚል ቃል የትም አይገባም። መጀመሪያ የምናስጽፈው እንዳልተውሻት ነው፤ እኔ ራሴ ነኝ የምናገረው። ከዚያ ደግሞ ረቂቁ ላይ እንዳለው ቅዳሜና እሑድ ያንቺ ይሆናል።»

«ቅዳሜን የምር ትሰጠኛለህ? የቅዳሜ ሱቅህ ያለ እሷ?»

ድንቡሼ ቅዳሜ ቅዳሜ ከመደርደሪያው ላይ ተቀምጣ ለደንበኞች ልብስ ታስረክባለች፤ ግማሹ ደንበኛ የሚመጣው የእርሷን ጨዋታ ለመስማት ነው። ቀጤ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ «እሰጥሻለሁ» አለ። ድምፁ ግን አልታዘዘውም።

ሾፌሯ ይህን ሰማች። ከመቀመጫዋ ዞር ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየችው።

«እንግዲያው ባንድ ጊዜ አንዘፍቀው» አለች። «እንዳንተ አሠራር ከስፌቱ ውስጥ እንሞክረው። ሰኞ አንተ ጋ ትደር፣ ማክሰኞ ትምህርት ቤት ትሂድ። ቀለሙ ከሸሸ እናያለን።»

ሙከራው ተጀመረ። ድንቡሼ ሰኞ ማታ ከአባቷ ጋር አደረች፤ ማክሰኞ ጠዋት በጓሮው በር በኩል ከጓደኞቿ ቀድማ ክፍል ገባች፤ መምህሯም አላንኮራፋችም አለች። ማታ እናቷ ዘንድ ስትመለስ ግን ፊቷ ጠቁሮ ነበር።

«እማዬ፣ ጉድ ሠርቶኛል!»

«ምን አደረገሽ?» አለች እናቷ ደንግጣ።

«ካልሲዬን ተኩሶታል! መሐሉ ላይ መስመር አለው! ልጆቹ ሁሉ ‹ቀጥ በይ!› እያሉ ሲስቁብኝ ዋሉ።»

ሾፌሯ ስቃ ስቃ እንባዋን ጠረገች፤ ሌላ ቀለም የሸሸበት ነገር እንደሌለም ጠይቃ አረጋገጠች። በቀጣዩ ሳምንት ማክሰኞና ረቡዕ ተጨመሩ፤ ከዚያም ሐሙስ። በዚህ መሐል ያለ ጭቅጭቅ አላለፉም። አንድ ጊዜ ልጅቱ ትኩሳት ይዟት ሳለ ቀጤ በሥራ ላይ እንዳትደነግጥ ብሎ ሳይደውልላት ስለዋለ፣ ሾፌሯ ሱቁ ድረስ መጥታ በደንበኞች ፊት አፈር ከድሜ አበላችው። እርሱም አልተሟገተም፤ ጥፋቱ የእርሱ ነበርና። ያን ዕለት የሕመሙ አንቀጽ እንዴት መጻፍ እንዳለበት ሁለቱም አወቁ።

ስምምነቱ የተጻፈው በመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ነው። ጠበቃዋ ትጽፋለች፤ ቀጤና ሾፌሯ ግራና ቀኝ ቆመዋል፤ አክስቲቱ ከጓዳ ጆሮዋን ጥላለች። ቀጤ አስቀድሞ የተናገረው ቃል በመጀመሪያው አንቀጽ ሰፈረ፤ ለውጡ በእናቲቱ የሥራ ፈረቃ ምክንያት የተደረገ እንጂ ልጇን መተው እንዳልሆነ፣ ፈረቃው ከተለወጠም ሁለቱ እንደገና ተቀምጠው እንደሚነጋገሩ። ሾፌሯ ይህ ሲነበብ የጃኬቷን ዚፕ ወደ ላይና ወደ ታች ትስብ ነበር።

«እኔንስ ማን ጠየቀኝ?» አለች ድንቡሼ ከመደርደሪያው ላይ።

ሁሉም ዞሩ። ጠበቃዋ ብዕሯን አነሣችና «እሺ፣ እመቤት፣ ያንቺን ሐሳብ እንስማ» አለቻት።

«እስከ ሐሙስ አባዬ ጋ፣ ከዓርብ ጀምሮ እማዬ ጋ። ማታ ማታ ለሌላኛው እደውላለሁ። ካልሲ አይተኮስም። ፒጃማም አይተኮስም።»

«ፒጃማ እንኳ...» ብሎ ቀጤ ጀመረ።

«አባዬ!»

«ይጻፍ» አለ ቀጤ።

ጠበቃዋ እየሳቀች ነገሩን ልታልፈው ብትል እርሱ አጥብቆ ያዘ፤ ልጅቱ የተናገረችው ሁሉ በስምምነቱ እንዲገባ ጠየቀ። ገባም። ሰነዱ በመዝገብ ቤቱ በኩል ተላከና ሰንብቶ ማኅተም ተደርጎበት ተመለሰ። ካልሲውን የሰረዘው ሰው አልነበረም፤ ማንም ችሎት አልቆመም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ለቀጤ ከበደው። ደንበኞች እየገቡ «ልጅቱስ?» ይላሉ፤ እርሱም «እናቷ ጋ ናት» ይላል፤ ልብሳቸውን ይዘው ፈጥነው ይወጣሉ። ከሰዓት በኋላ አክስቱ ሁለት ጊዜ ስትጠራው ስላልሰማት ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል መጣች። ቀጤ ልጅቱ ረስታው የሄደችውን ፒጃማ ተኩሶ ጨርሶ ነበር። አክስቱን ሲያይ ስምምነቱ ትዝ አለው፤ ውኃ ረጨበትና በሁለት እጁ ጨምድዶ መልሶ አስቀመጠው። ነገርን ዝም ብሎ ማለፍ የማይሆንላት አክስቱ፣ በዚያ ዕለት ዝም ብላ ወደ መርፌዋ ተመለሰች።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ረቡዕ ቀን፣ የሾፌሯ አውቶቡስ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ወደ ጋራዥ ተጎተተ። ፈረቃዋ ሳያልቅ ነፃ ወጣች። የደንብ ልብሷን እንደ ለበሰች ከላውንደሪዋ ደጃፍ ደረሰችና በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች፤ አልገባችም።

«እዚሁ በኩል ሳልፍ ነው» አለች። «ቤት ሥራዋን ስትሠራ ለትንሽ ጊዜ ላያት ብዬ ነበር። ግን ቀኔ አይደለም። ወረቀቱ ምን ይላል?»

ቀጤ እጁን ወደ መሳቢያው ሰደደ። ሰነዱ እዚያው ነበር፤ የረቡዕን አንቀጽም በቃሉ ያውቀዋል። እጁን ባዶውን መለሰ።

«ወረቀቱን የምናየው ስንጣላ ነው» አላት። «ዛሬ ተጣልተናል እንዴ?»

«ገና ነው፤ ቀኑ ረጅም ነው» አለችና ገባች።

ከላይ ደረጃውን እየሮጠ የሚወርድ እግር ተሰማ። «እማዬ! ዛሬ የአባዬ ቀን አይደል?»

«የማንም ይሁን» አለ ቀጤ የሚተኩሰውን ኮት ወደ ጠረጴዛው እየሳበ፣ «በሩን ዝጉት፤ እንፋሎቱ እየወጣ ነው።»